ደብተሩን እንዳታሳያት

ሶኮሮ ካንቱ የዊትሎውን ሕንፃ ላይኛ ፎቅ ለስድስት ዓመት ስታጸዳ፣ ከበሮቹ በስተጀርባ አንድም ቀን ሰው አይታ አታውቅም። ኮሪደሩ ላይ ዐሥራ ዘጠኝ በር አለ። በየበሩ ላይ የአንድ ኩባንያ ስም ተለጥፏል፤ ውስጡ ግን ባዶ ወለል ነው። ስለዚህ ሐሙስ፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል የዐሥራ አንድ ቁጥር በር ገርበብ ብሎ ስታገኘው፣ ነፋስ የከፈተው መሰላት። ልትዘጋው እጀታውን እንደያዘች የወንድ ጫማ አየች። ጫማው ውስጥ እግር ነበር።

መርማሪ አልተን ረስክ ሲደርስ ሶኮሮ ደረጃው ላይ ተቀምጣ መወልወያዋን እንደ ምርኩዝ ይዛ ነበር።

«የነካሽው ነገር አለ?» አላት።

«ምኑን ልንካ? የተቀጠርኩት ለወለል እንጂ ለሬሳ አይደለም።»

ሟቹ ፕሬስተን ኬል ይባላል፤ የዳላስ ጠበቃ ነው። በሩ ላይ ስሙ የተለጠፈው ኩባንያም የሱ ነበር። ብራንትሊ ትንሽ ከተማ ናት፤ በምሥራቅ ቴክሳስ ጥድ መሀል ያለች። ነገር ግን አደባባይዋ ላይ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት የፈጠራ መብት ክስ ቶሎ የሚያይ፣ ለከሳሽም የማይጨክን ነው እየተባለ ስሙ ካሊፎርኒያ ድረስ ዘልቋል። እዚህ ለመክሰስ እዚህ አድራሻ መያዝ ይጠቅማል፤ ለአድራሻ ደግሞ አንድ በር ይበቃል። ኬል ከየሰዉ ጓሮ ያረጀ የፈጠራ መብት ወረቀት እየገዛ ትልልቆቹን የስልክና የኮምፒውተር ድርጅቶች ሲከስስ ዓመታት ቆይቷል። የአሁኑ ክሱ ሰኞ ሊሰማ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። የተላከለት ሰው መልእክቱን ማየቱን ለላኪው የሚያሳውቀው ያ ትንሽ ምልክት አለ አይደል? ያ የኔ ንብረት ነው ባይ ነበር፤ የካሊፎርኒያውን ትልቅ የስልክ ኩባንያ የከሰሰውም በዚሁ ነው።

ለሙግቱ ሲል በዚያው ሳምንት አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ወደ ክፍሉ አስገብቷል። ከጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ማጅራቱ ላይ ያለው ቁስል የማዕዘን ቅርጽ አለው፤ ፀጉሩ ውስጥ የአረንጓዴ ቀለም ፍቅፋቂ ተገኘ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሞተው» አለ ዶክተር ሄብ ጓንቱን እያወለቀ። «ቢበዛ ዘጠኝ ተኩል።»

አልተን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ስልክ በብዕር ጫፍ ገፋ አድርጎ አሳየው። የይለፍ ቁጥር አልነበረውም። በመጨረሻ የገባው መልእክት አጭር ነው፤ *ደብተሩን እንዳታሳያት።* ላኪው ኦረን ስታንፊል። የተላከው ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ። ከሥሩ ያቺ ምልክት አለች፤ *ታይቷል፣ 10፡05።*

«ዘጠኝ ሰዓት የሞተ ሰው ዐሥር ሰዓት ከአምስት ላይ መልእክት ያያል?»

«እኔ ሬሳው የነገረኝን ነው የነገርኩህ። ስልኩ ከነገረህ ጋር አስታርቃቸው፤ ያ ያንተ እንጀራ ነው።»

አልተን ስልኩን አመነ።

* * *

ዓርብ ጠዋት እነስታንፊል ቤት ሄደ። ኦረን ስታንፊል የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የመገናኛ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረዋል። በፈጠራ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ስም የሳቸው ነው፤ ሰኞም ዋናው ምስክር እሳቸው ነበሩ። ባለቤታቸው ኔልዳ አልተንን ልጅ ሳለ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ አስተምረውታል። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፒካን፣ ያን ቅርፊታም ለውዝ፣ እየፈለፈሉ ነበር።

«ሚስ ኔልዳ፣ ይቅርታ፣ በጠዋቱ።»

«ግባ ልጄ። ከስተሃል። የሚያበላህ ሰው የለም እንዴ?»

የለም፤ ይህንን ከተማው ሁሉ ያውቃል። አልተን ወደ ኦረን ዞረ።

«ደብተሩ የምን ደብተር ነው?»

«የሥራ ደብተሬ ነው። የፈጠራ ወረቀቱን ያወጣሁበትን ሳጥን ስሠራ የሞከርኩት ሁሉ በየቀኑ ተጽፎበታል። ከሌሎቹ ቀድሜ መሥራቴን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ የለንም። ኬል ሰኞ ከነሳጥኑ ከከተማው ሰው በዕጣ ለሚመረጡት ፈራጆች ሊያሳይ ነበር።»

«ሳጥኑ ምን ዓይነት ነው?»

«አረንጓዴ ነው። የወታደር ቀለም። ከባድ ነው፣ አሉሚኒየም። ለነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኞች ብዬ ነበር፤ ጥሪው ደርሷቸው እንደሆነ አለቃው እንዲያውቅ።»

ሳጥኑም ደብተሩም ክፍሉ ውስጥ አልነበሩም። አልተን ፒካን የሚፈለፍሉትን እጆች ሳይሆን የኦረንን ፊት እያየ ጠየቀ።

«‹እንዳታሳያት› ሲሉ ማንን ማለትዎ ነው?»

ኦረን ሚስታቸውን ሰርቀው አዩ። «ያቺን የካሊፎርኒያዎቹን ጠበቃ ነዋ። ቫንዲቨር የምትባለዋን። ከሰኞ በፊት እንዳታየው ብዬ ነው።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ፀጉር አስተካካዩ ጋ። ከስምንት ተኩል እስከ ዐሥራ አንድ። ዳማ ስንጫወት ስንት ሰው አይቶናል።»

«እርስዎስ፣ ሚስ ኔልዳ? ለወጉ ያህል ነው።»

«ሐሙስ ዐሥር ሰዓት የት እንደምገኝ አጣኸው? መዘምራን ነዋ» አሉ ኔልዳ። ከዚያ ቅርፊቱን በመዳፋቸው ጠራርገው፣ «ያን ሳጥን ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ ሁለት ዓመት ሙሉ ራቴን ብቻዬን ነው የበላሁት» ሲሉ ጨመሩ።

ኦረን መስኮት መስኮቱን አዩ።

* * *

ጠበቃ ቫንዲቨርን አደባባዩ ላይ ካለው ሆቴል ቁርስ ቤት ውስጥ ወረቀት ዘርግታ አገኛት። ኮስታራ ሴት ናት። ሐሙስ ከስምንት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት በሌላ ክስ ዳኛው ፊት ቆማ ስትከራከር ነበር፤ መዝገብ ያዡም መስክሯል።

«ደብተሩን የሚፈልግ ሰው ካለ እኔ ነኝ» አለች። «ግን እንዲጠፋ አይደለም። ሰኞ እንዲቀርብልኝ ነበር የምፈልገው።»

«ለምን? ማስረጃነቱ ለነሱ አይደለም?»

«ከደብተሩ የሁለት ገጽ ግልባጭ ሰጥተውን ነበር። በሁለቱም ገጽ ላይ የሽቦውን ሥዕል የሚያብራራው ጽሑፍ የሚስተር ስታንፊል እጅ አይደለም። ሰኞ ልጠይቃቸው ያዘጋጀሁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ‹ይህን የጻፈው ማነው?› የፈጠረው ሌላ ሰው ከሆነ፣ የሳቸው ስም ብቻ ያለበት ወረቀት ዋጋ የለውም።»

ይህ ትልቅ ፍንጭ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን አልተን ረስክ ወንበር ስቦ ቁጭ ይል ነበር። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጠራ፤ ከጣቢያ ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት ያለችው የአበባ ሻጭ ሐሙስ ዐሥር ተኩል ላይ የሮይስ ቲብስ ፒክአፕ ከሕንፃው ኋላ ተነሥቶ ሲከንፍ አይታለች።

አልተን ሰሌዳውን ማንም እንዲነግረው አልጠበቀም። በቃሉ ያውቀዋል። ያ ፒክአፕ ላለፉት ሁለት ዓመታት የሚያድረው በጆሌታ በር ላይ ነው። ጆሌታ ደግሞ ለዐሥራ ሰባት ዓመት የአልተን ሚስት ነበረች። አንዳንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ መንገዱ ባይሆንም በዚያ በኩል ዞሮ ያልፋል፤ ፒክአፑ መኖሩን ያያል፤ ከዚያ ራቱ አይወርድለትም።

የዊትሎው ሕንፃ አከራይ ሮይስ ነው። የዐሥራ ዘጠኙም በር ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው።

ልቡ ውስጥ የሞቀው ነገር ደስታ እንደሆነ አልተን ያወቀው መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። አላፈረበትም።

* * *

«ሐሙስ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ቤት» አለ ሮይስ። ረጅም፣ ፊቱ የተረጋጋ፣ ቀበቶው የሚያብለጨልጭ ሰው ነው። አልተን ያቺን ቀበቶ እንኳ ይጠላታል።

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«ሕንፃው ጋ አልሄድክም?»

«አልሄድኩም።»

«ፒክአፕህ ብቻውን ነው የሄደው?»

አልተን ወንበሩን ጎትቶ ተጠጋው።

«ኬል ኪራይ ከልክሎሃል? ተጣልታችኋል? ሰውዬው ዐሥር ሰዓት ከአምስት ላይ በሕይወት ነበር፤ መልእክት አንብቧል። አንተ ዐሥር ተኩል ላይ በጓሮ በር ሸሽተህ ወጣህ። ሃያ አምስት ደቂቃ። ንገረኛ!»

«አልተን፣ እኔን የምትጠይቀኝ ስለ ኬል ነው ወይስ ስለ ሌላ ነገር?»

«መርማሪ ረስክ በለኝ።»

«መርማሪ ረስክ» አለ ሮይስ ቀስ ብሎ፣ «ከኬል ጋር ጠብ የለኝም። የት እንደነበርኩ ግን የምነግርህ እኔ አይደለሁም። ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ለማን?»

አልተን በገዛ እጁ ወደ ማረፊያ ክፍል ወስዶ ቆለፈበት። ቁልፉን ሲያዞር የሚያስፈልገውን ያህል አልነበረም የጠመዘዘው፤ ከዚያ በላይ ነበር። የፖሊስ አዛዡ ዶክተሩ የጻፈውን ሰዓት አንሥቶ ሲጠይቀው፣ «ሄብ አርጅቷል፣ ሰዓት ይስታል» ብሎ አለፈው።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ጆሌታ ጣቢያ መጣች። ፀጉሯን ተቆርጣ ነበር። አምሮባታል፤ አልተን ይህን በማየቱ ራሱን ረገመ። ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የግዛቱ ድንበር ላይ ባለችው በቴክሳርካና ከተማ፣ በአርካንሶ በኩል፣ ሐሙስ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተፈረመ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው።

አልተን ሁለት ጊዜ አነበበው። ሦስተኛውን ማንበብ አልቻለም።

«እኔ ራሴ ልነግርህ ፈልጌ ነበር» አለች። «ከሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ። ሮይስን ቃል ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሻንጣችንን ሕንፃው ጓዳ ውስጥ ደብቀን ነበር፤ እሱን ሊያመጣ ነው የገባው። ላይኛው ፎቅ አልወጣም።»

«ይኼ የዘጠኝ ሰዓት ወረቀት ነው» አለ አልተን። «ሰውዬው ዐሥር ሰዓት ከአምስት ላይ መልእክት አይቷል። ከቴክሳርካና በአንድ ሰዓት ይደረሳል። ባልሽን አያድነውም።»

«ባልሽ» የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ እሱንም እሷንም አሳመማቸው።

«ማየቱን በምን አወቅህ?»

«ስልኩ ላይ ምልክት አለ። ታይቷል ይላል።»

ጆሌታ ሳቀች። የደስታ ሳቅ አልነበረም።

«አንተ ሰውዬ! ይህን እኔ ላስረዳህ? ገላዬን ስታጠብ ስልኬ ድምፅ ሲያሰማ ቀድሞ የሚያነሣው ማን ነበር? ዐሥራ ሰባት ዓመት መልእክቴን ሁሉ ካንተ ቀጥዬ ነው ያነበብኩት። እህቴ ‹አይተሽ ዝም አልሽኝ› ብላ ስንቴ ተቀየመችኝ? እኔ መች አየሁት! ያየኸው አንተ ነህ። የማላውቀው ወንድ ስም ፍለጋ።»

ምልክቷ መልእክቱ መታየቱን ትናገራለች። ማን እንዳየው አትናገርም። ኬል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞቷል፤ ዶክተሩ አልሳተም። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ከሬሳው ጋር ከአንድ ሰዓት በላይ ቁጭ ብሏል፤ ስልኩ ሲጠራም አንሥቶ አንብቧል። ሌባ ቢሆን ይሸሽ ነበር። የሞተ ሰው ስልክ ማን ይከፍታል? ስልኩ ላይ የወጣውን ስም አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው ነው። እሱ ራሱ ቢሆን ይከፍት ነበር።

ስልኩ ላይ የወጣው ስም *ኦረን* ነው።

አልተን ተነሥቶ ሄደና የማረፊያውን በር ከፈተ።

«ውጣ» አለው ሮይስን። ከዚያ ፊቱን ሳያይ፣ «ትናንት ማታ እዚህ ያደርከው እኔ እንዲያ እንዲሆን ስለፈለግሁ ነው። ለአዛዡ በጽሑፍ እሰጠዋለሁ» አለ።

ሮይስ ቀበቶውን ታጠቀ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ሄደ።

* * *

ቤተ ክርስቲያኑ ከዊትሎው ሕንፃ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ፒያኖ የምትጫወተው ሴት ለማስታወስ አልተቸገረችም። ኔልዳ ስታንፊል ሐሙስ የደረሱት ዐሥር ተኩል ላይ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሲያረፍዱ የመጀመሪያቸው ነበር። ቆመው አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም።

ኔልዳ አሁንም ወጥ ቤት ነበሩ። ኦረን ውጭ ናቸው። አልተን ባርኔጣውን አውልቆ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«ሚስ ኔልዳ፣ መልእክቱን ለምን ከፈቱት?»

የፒካን መስበሪያው እጃቸው ላይ ቆመ። ይክዱኛል ብሎ ጠብቆ ነበር።

«ስሙን አየሁት» አሉ። «የባሌን ስም አየሁ። ምን ላድርግ ነበር የምትለኝ?»

ከጠረጴዛው ሥር የልብስ ስፌት ቅርጫታቸውን ሳቡ፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ ደብተር አወጡ።

«ላቃጥለው ሦስቴ ምድጃ ጋ ሄጄ ተመልሻለሁ። ካቃጠልኩት ደግሞ የማነበው የለኝም።»

አልተን ገለጠው። በየገጹ ቀን፣ ሰዓት፣ በሳጥኑ የተላከ አንድ አጭር መልእክት፣ በኦረን እጅ። *መብራቱን ሳላጠፋ ትቼዋለሁ።* ከጎኑ በሌላ ቀለም፣ በተስተካከለ የሴት ጽሑፍ፤ *ታየ።* *ዛሬ አረንጓዴውን ለብሰሽ ነበር።* *ታየ።* ሁለት ዓመት ሙሉ። ከመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ያው የሴት እጅ፣ *መልእክቴ እንደደረሰህ የማውቅበትን ነገር ሥራልኝ፤ በዚህ እንዲህ አድርገህ ብታገናኘውስ?* ይላል፤ ከሥሩ የሽቦ ሥዕል አለ።

«ቮንዳ ናት» አሉ ኔልዳ። «ታስታውሳታለህ፤ ከጎኔ ቆማ ትዘምር የነበረችውን። ያንን ጽሑፍ የት እንዳየሁት ልቤ ቶሎ አልነገረኝም። ኬል ኦረን እንዲፈርምበት ብሎ ግልባጭ በፖስታ ላከ፤ ፖስታውን የምከፍተው እኔ ነኝ። ለካ የኬክ አሠራር ጽፋ የሰጠችኝ ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አስተያየሁት።»

«ቮንዳ ከሞተች…»

«ዐሥራ ሁለት ዓመቷ። ቀብሯ ላይ የዘመርኩት እኔ ነኝ። በየፋሲካው አበባ ወስጄላታለሁ።» ደብተሩን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «የሞተችን ሴት ምን ታደርጋታለህ አልተን? ፀጉሯን አትነጫት። ደጇ ሄደህ አትሰድባት። እሷ ወጣት ሆና ቀረች፤ እኔ ቁጭ ብዬ አረጀሁለት።»

«ኬል ጋ ለምን ሄዱ?»

«ልለምነው። ‹ሳጥኑን አሳይ፣ ደብተሩን ተው› አልኩት። ሳቀብኝ። ‹ሚስዝ ስታንፊል፣ ፈራጆች ሽቦ አይገባቸውም፤ ፍቅር ግን ይገባቸዋል፤ ይህን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ያለቅሳሉ› አለኝ። ፈራጆቹ እነማን ናቸው? ዕጣ ወጥቶላቸው የሚቀመጡት የጥርስ ሐኪሜ፣ ዳቦ የምትሸጥልኝ ሴትዮ! ከዚያ ኮምፒውተሩን ሊከፍት ዞረ። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር።»

ቅርፊቱን አንድ በአንድ ወደ ሳህኑ መለሱ።

«ከወደቀ በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሰውዬው መኖሩን ረስቼው ነበር። ስልኩ ጠራ፣ ኦረን ይላል። ‹ደብተሩን እንዳታሳያት።› ‹እሷ› ያላት እኔን ነው። ያኔ ነው ደብተሩ የያዘውን አውቆ እንደደበቀኝ የገባኝ፤ ሁልጊዜም የሚያውቀው እሱ ነበር፣ የማላውቀው እኔ። ሳጥኑን ቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ያለው ኩሬ ውስጥ ጣልኩት።»

አልተን ማሰር እንዳለበት ነገራቸው፤ መብታቸውንም አነበበላቸው። በትዕግሥት ሰሙት፣ ድሮ ጥቅስ ሲያጠና እንደሚሰሙት።

«ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ከፈረምኩ ሙግት አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

«የለም።»

«ሙግት ከሌለ ደብተሩ ጮክ ተብሎ አይነበብም?»

«አይነበብም፣ ሚስ ኔልዳ። ግን ጠበቃ ያማክሩ። ብዙ ዓመት ነው የሚፈረድብዎ።»

«ስንትም ይሁን» አሉ፤ ሽርጣቸውንም ፈቱ።

* * *

ሰኞ ክሱ አልተሰማም። የኬል ሸሪኮች በሦስት መስመር ደብዳቤ አንሥተውታል፤ ሶኮሮም ከዐሥራ አንድ ቁጥር በር ላይ የተለጠፈውን ስም በቢላ ፋቀችው። አልተን ያቀረበውን ጽሑፍ አዛዡ አንብቦ ለአንድ ወር ከሥራ አገደው፤ እገዳው የሚጀምረው እስረኛዋን ለአውራጃው ማረሚያ ቤት ካስረከበ በኋላ ነው።

ሊነሡ ሲሉ ኦረን ስታንፊልን ጣቢያው በር ላይ ቆመው አገኛቸው። ተላጭተዋል፤ ሸሚዛቸው ግን ተጨማዷል። አልተን ባለቤታቸውን ሊያዩ የመጡ መስሎት በሩን ያዘላቸው።

«አይ፣ አልገባም» አሉ ኦረን። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነገሩ ሲያልቅ… ደብተሩ ለኔ ይመለሳል?»

እጁ የበሩን እጀታ ጨምድዶ ይዞ ነበር።

«አይመለስም» አላቸው።

መንገዱ ጥድ በጥድ ነው። ኔልዳ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ እጃቸውን በካቴና ጭናቸው ላይ አጣምረው ብዙ ማይል ሄዱ።

«በበሩ መስታወት በኩል አየሁት» አሉ በመጨረሻ። «ኦረን ምን አለህ?»

አልተን ዕድሜ ልኩን ሰው እንዲዋሸው አልፈለገም፤ ትዳሩንም የበላው ይኸው ነበር። መሪውን ይዞ ፊት ለፊቱን አየ።

«ስለ እርስዎ ጠየቁኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ሹራብ ይዛለች ወይ አሉኝ። ብርድ አትችልም አሉ።»

ኔልዳ ወደ መስኮቱ ዞሩ። አንድ የእንጨት ጫኝ መኪና በጎናቸው አለፈ፤ አቧራው እስኪበተን በዓይናቸው ተከተሉት።

«አርባ ስድስት ዓመት» አሉ፣ «አንድ ቀን እንኳ በረደሽ ወይ ብሎኝ አያውቅም።»

አልተን ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም።

«ቢሆንም» አሉ ኔልዳ፣ በካቴናው እጃቸው የአንገታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ፣ «እስቲ ደግመህ ንገረኝ።»